አሻራዋ ያለቀባት እናት

ሰውየው ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ነበር። አንደበቱ ለስላሳ ነው፤ ሲሰድብህ እንኳ የሚያመሰግንህ ይመስላል። የማረሚያ ቤቱን ሠራተኛ በሙሉ፣ ከማማ ጠባቂ እስከ መዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ አዳራሽ ሰብስቦ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ ያስረዳናል።

«ሰው ይደክማል» አለ። «ሰው ያንቀላፋል፣ ይታለላል፣ ያዝናል። ሰው ዘመድ አለው። ማሽን ግን ዘመድ የለውም። የወደፊቱ ማረሚያ ቤት ጥቂት ሰው፣ ብዙ ዓይን ያለው ነው።»

አጠገቤ የተቀመጡት የጠያቂ በር ጠባቂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ዘመድ የሌለው ነገር እኔ እፈራለሁ» አሉኝ። ሳቅሁ። ባለሙያው ሳቄን አይቶ ደስ ያለኝ መስሎት ፈገግ አለልኝ። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ባስታወስሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የቱ ማረሚያ ቤት እንደሆነ አልጽፍም። ከአሶሳ ብዙ አይርቅም ማለት ይበቃል። እኔ እዚያ ዐሥራ ሰባት ዓመት ዋርድያ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሴቶች ክልል። ወላጆቼ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ የተወለድሁት ግን እዚሁ ነው። ማንጎ ከዛፉ ላይ ነው በልቼ ያደግሁት። ይሁን እንጂ ከጎረቤቶቻችን ከበርታዎቹ ቋንቋ ከሰላምታ ያለፈ አላውቅም፤ እነሱ አማርኛችንን ስለሚችሉልን የእነሱን መማር አላስፈለገንም። ይህም ያሳፍረኛል፤ በኋላ ደግሞ ከማሳፈር አልፎ ዋጋ አስከፈለ።

የበሩ ጠባቂ የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛን የለመዱት ከጎለመሱ በኋላ ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን ያደባልቁታል። እኔን ለዐሥራ ሰባት ዓመት «አንቺ» ብለው ጀምረው «አንተ» ብለው ሲጨርሱኝ ኖረዋል፤ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራዬን የጀመርሁ ሰሞን ቆጠራ ላይ ቆሜ በጣቴ እየጠቆምሁ አንድ፣ ሁለት ስል አይተው ጠሩኝ።

«እህቴ፣ አንቺ ቁጥር ትቆጥራለህ። ጥሩ ነው። ግን ቁጥር አይታመምም። ፊት እይ።»

እሳቸው ፊት ያያሉ። ጠያቂ ስንቁን እንዴት እንደያዘ አይተው ቤቱ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ይገምታሉ። ከኩርሙክ ነጋዴ ጋር በዐረብኛ፣ ከባምባሲ ገበሬ ጋር በኦሮምኛ፣ ከአሮጊቶቹ ጋር በበርታኛ ያወራሉ። አንድ ቀን የአንድ ታራሚ ዘመዶች ስንቅ ይዘው መጡ። የመጡት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ሁልጊዜ የሚመጣው ግን አባትየው ነው። ጋሼ ስንቁን ከመፈተሻቸው በፊት ፊታቸውን አዩና «መቼ?» ብለው ጠየቁ። ከትናንት ወዲያ፣ አሏቸው። ዝም ብለው አላስገቧቸውም። መጀመሪያ ታራሚው ምሳውን በልቶ እስኪጨርስ ጠበቁ። ከዚያ የሚያከብራቸውን ሁለት ታራሚዎች ጠርተው ግራና ቀኙ አስቀመጡ። ራሳቸው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለው፣ እጁን ይዘው፣ መርዶውን ነገሩት። ሰውየው ጮኸ፤ ያዙት። ያ ቀን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። የሥራ ዝርዝራቸው ላይም «መርዶ ማርዳት» የሚል የለም። «ጠያቂ መመዝገብና መፈተሽ» ነው የሚለው። ባለሙያው ያነበበው ያንን ወረቀት ነው።

ለማሽኑ እውነቱን አልነፍገውም። ካሜራው ሲተከል እስረኛ በጥፊ መምታት የለመደ አንድ ባልደረባችን እጁን ሰበሰበ። ለዓመታት በቃል ስንለምነው ያልተወውን በአንድ ሳምንት ተወ። ለዚህ ለዚህ እግዜር ይስጠው። እኔ መብራት የምትፈራ ሴት አይደለሁም።

ግን አንዱን ካሜራ የት ተከሉት? የሴቶቹ መታጠቢያ በቀርከሃ አጥር የተከለለ ነው። ምሰሶው ከአጥሩ በላይ ቆመ፤ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ያያል። ሴቶቹ በማግሥቱ ከነልብሳቸው መታጠብ ጀመሩ። እርጥብ ቀሚስ እላያቸው ላይ እየደረቀ ይውላሉ። ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ።

«ኮማንደር፣ ሴቶቹ ልብሳቸውን ለብሰው ነው የሚታጠቡት።»

«ታዲያ ታጠቡ አይደል?»

«ካሜራው ያያቸዋል።»

«ካሜራ ሰው አይደለም እኮ።»

«ካሜራውን የሚያዩት ወንዶች ናቸው! ቢያንስ ሴት ትየው!»

ወረቀቱን ማገላበጥ ቀጠለ። እኔ ወጥቼ፣ መሰላል ተውሼ፣ ያረጀ ብርድ ልብስ ካሜራው ላይ አሰርሁበት። ሴቶቹ ከታች እልል አሉ። እልልታው ገና ሳያልቅ ተጠራሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ «የመንግሥት ንብረት አገልግሎት እንዳይሰጥ በማድረግ» ይላል። ፈርሜ ልወጣ ስል ኮማንደሩ ሳቅ ብሎ «ሴት ትየው አይደል ያልሽው? እንግዲያው አንቺው ግቢና እይ» አለኝ።

እንዲህ ሆኜ የካሜራ ክፍል ገባሁ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወንበር አለ፤ ማራገቢያ አለ። ዐሥራ ሰባት ዓመት በአሶሳ ፀሐይና በአሶሳ ዝናብ የቆመ እግር ወንበር ሲያገኝ ምን እንደሚል የቆመ ያውቀዋል። ሴቶቹም ከዚያ በኋላ ልብሳቸውን አውልቀው ታጠቡ፤ እኔ እንዳለሁ ነግሬያቸዋለሁ። አሸነፍሁ ብዬ ነበር።

ዋጋውን ያየሁት በወሩ መጨረሻ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ዝርዝር ሲለጠፍ ነው። በሴቶች ክልል በእግር የምንዘዋወረው አራት ነበርን፤ አንዲት ብቻ ቀረች። «ክትትሉ በካሜራ ስለሚከናወን» ይላል። ካሜራው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። በእኔ ወንበር ምክንያት ሁለት ጓደኞቼ ወደ ሌላ ቦታ ተበተኑ። ከዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ የጠያቂ በር ነበር፦ በአሻራ መመዝገቢያ ስለተተካ የሥራ መደቡ ታጥፏል። ለጋሼ ሁለት ምርጫ ሰጧቸው። ወይ ከዓባይ ማዶ ግልገል በለስ ሄደው ንብረት ክፍል ይጠብቃሉ፣ ወይ ጊዜው ሳይደርስ ጡረታ ይወጣሉ። ልጆችና እርሻ ያለውን ሰው ከአሶሳ ግልገል በለስ ሂድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቃል። ጡረታ ወጡ። በመሸኛው ዕለት የምስጋና የምስክር ወረቀት በመስታወት አድርገው ሰጧቸው። አሻራቸውን ግን በዚያው ከሰዓት ከበሩ መሣሪያ አጠፉት።

በቦታቸው የተመደበው ከሌላ ክልል አዲስ የመጣ ወጣት ፖሊስ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። በርታኛ አይችልም፤ ዐረብኛ አይችልም። ሥራው ጠያቂው ጣቱን መስታወቱ ላይ እንዲያደርግ መንገር ነው። አረንጓዴ ከበራ ያስገባል፤ ቀይ ከበራ ይመልሳል። መብራት ሲሄድ «ሲስተም የለም» ይላል፤ ሰዉ በዝናብ ይቆማል።

በዚያ ሰሞን ዩኒቨርሲቲ የምትማር የእህቴ ልጅ ቤቴ መጥታ ስልኳ ላይ አንድ ነገር አሳየችኝ። የሥራህን ዓይነት ስትጽፍለት በማሽን የመተካትህን ዕድል ይነግርሃል። የእኔን ጻፈችና «አክስቴ፣ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው ይላል፤ አትጨነቂ» አለችኝ። ስልኩ የሚጠይቀው ማሽኑ ይችላል ወይ ብሎ ነው። ጋሼን ያስወጣቸው ማሽኑ ስለቻለ አይደለም። ማሽኑ የማይችለውን ሁሉ ሥራ አይደለም ብሎ የወሰነ ሰው ስላለ ነው። እሱን ደግሞ የሚቆጥር ስልክ የለም። ይህን ስላት ልጅቷ ደነገጠች፤ ለካስ እየጮህሁ ነበር።

ዝናቡ ሲገባ አንዲት ወጣት ሴት በቀጠሮ ታሥራ መጣች። ከኩርሙክ መንገድ አካባቢ ናት። ወርቅ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር፣ የቆፈረችውን ጉድጓድ ሊነጥቃት የመጣን ሰው በመቆፈሪያ እጀታ መትታዋለች ተብላ ነው። ጡት የምትጠባ ሴት ሕፃን ይዛ ገባች። አማርኛ አትችልም ማለት ይቻላል፤ በሴቶቹ ክልል ደግሞ ያን ሰሞን በርታኛ የሚችል ሌላ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና ነበረች፤ በመስኮቴ፣ ማለቴ በስክሪኑ፣ ከሌሎቹ ጋር ልብስ ስታጥብ አያታለሁ።

ከዚያ በኋላ ማንጎው ሥር መቀመጥ ጀመረች። ጠዋት ትቀመጣለች፤ ማታ ቆጠራ ሲደርስ ትነሣለች። አየኋት። ማየትስ አየኋት! በመዝገቡ ላይ በየቀኑ «ችግር የለም፤ ቁጥር የተሟላ» ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ቁጥሩ ልክ ነበር። ከላይ የሚታይ ፊት የለም፤ ሻሽ ነው የሚታየው። ሌሎቹ ሴቶች ወደ ካሜራው እጃቸውን ሲያወዛውዙም ሰላምታ መስሎኝ ነበር። የቀረችዋ አንዲት ጠባቂ ከፍተሻና ከፍርድ ቤት አጀብ አልፋ ማንጎው ሥር አትደርስም፤ አጠገቧ ቆማ ቢሆን ኖሮ ማንኛዋም ጠባቂ በሁለተኛው ቀን ምን ሆንሽ ትላት ነበር። እኔ ግን ወንበር ላይ ነበርሁ።

በጎን በኩል ደግሞ የበሩ ስክሪን አለ። እዚያ ላይ አንዲት አሮጊት አይ ነበር። ቀጭን ናት፤ ጥቁር ጨርቅ ትከናነባለች፤ ክዳን ያለው ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ጣቷን መስታወቱ ላይ ታደርጋለች፤ ቀይ። ሌላ ጣት፤ ቀይ። ወጣቱ ፖሊስ እጇን ይዞ በዩኒፎርሙ ጠርጎ ይሞክርላታል፤ ቀይ። ዐሥሩንም ጣቶቿን ዘርግታ ታሳየዋለች፤ ትከሻውን ይሰብቃል። ትሄዳለች። ከአራት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች፤ ያው። ለሦስተኛ ጊዜም መጣች። ድምፅ የለውም እኮ! አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ምን እንደምትል አልሰማም። ልጇ በአንደኛው ስክሪን ማንጎ ሥር ተቀምጣለች፤ እናትየዋ በሌላኛው በር ላይ ቆማለች። ሁለቱ ስክሪኖች ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ስንዝር አይሞላም። የማን እናት እንደሆነች ግን አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሴቶቹ ካቦ፣ ማለት ታራሚዎቹ ራሳቸው የመረጧት የክፍሉ አለቃ፣ ስክሪኑ ውስጥ ወደ እኔ ስትመጣ አየሁ። የወለጋ ሴት ናት፤ ቁጡ ናት። ካሜራው ምሰሶ ሥር ቆመች። ሕፃኗን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ወደ ካሜራው ያዘቻት። የሕፃኗ ራስ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። የካቦዋ አፍ እስከ ጥግ ተከፍቷል፤ እየጮኸች ነው፤ እኔ የምሰማው የማራገቢያውን ድምፅ ብቻ ነው።

ወንበሩን ገልብጬው ሮጥሁ።

ሕፃኗ አታለቅስም። ከንፈሯ ደርቋል። የክሊኒኩ ነርስ ጨውና ስኳር የገባበት ውሃ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገች ታጠጣት ጀመር። ካቦዋ ፊቴ ላይ ጮኸችብኝ።

«ስንት ቀን ወደዚያ ዓይናችሁ እጃችንን አወዛወዝን! ታያላችሁ አላችሁን እኮ! እናቲቱ ካልበላች ሳምንት አለፋት። ወተቷ ደርቋል!»

«ምን ሆንሁ አለች?»

«እናት የለም ትላለች፤ ሌላ አማርኛ የላትም። የሙት ልጅ ናት ብለን እኛም አብረን አለቀስን።»

ወጣቷ ከዛፉ ሥር ቀና ብላ አየችኝ። «እናት የለም» አለችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። እዚያ ቆሜ፣ ተወልጄ ያደግሁበት አገር ቋንቋ አጥቼ፣ እጄን አጣጥፌ ቀረሁ።

ፈቃድ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ ጋሼ ቤት ሄድሁ። የዶሮ ቤት እየጠገኑ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ቀርከሃውን ጣሉት፤ ጫማቸውን እንኳ አልቀየሩም። በሩ ላይ ስንደርስ ማሽኑ አላወቃቸውም፤ ቀይ አበራ። ሠላሳ ዓመት የቆሙበት በር! በመኪና መግቢያው በኩል በእጄ ከፍቼ አስገባኋቸው።

ማንጎው ሥር ከወጣቷ ፊት ለፊት ቁጢጥ አሉ። በቋንቋዋ ለስለስ አድርገው አናገሯት። ቃሉ እንደሞላ ወንዝ ፈሰሰላት። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ፦ «እናቷ በየሳምንቱ ልመጣ ብሎ ነበር። አልመጣም። እናቷ ቃል አይበላም። ስለዚህ ሞቷል ትላለች። በወርቅ ጉድጓድ ተደርምሶበት ሞቷል፣ እናንተ ደብቃችሁኛል ትላለች።»

ያን ጊዜ ነው የአሮጊቷ ዐሥር ጣቶች ዓይኔ ላይ የመጡት። «ጋሼ፣ እኔ እናቷን አውቃታለሁ» አልሁ። «ሦስት ጊዜ ስትመለስ አይቻታለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሩቅ የሚመጣ ጠያቂ የት እንደሚያርፍ ያውቃሉ፤ ገበያው አጠገብ ካሉት ዘመዶች ቤት ጠይቀው አገኟት። ወደ መንደሯ የሚመለስ አይሱዙ እየጠበቀች ነበር። ዝናቡ መንገዱን ስለቆረጠ ነው የቆየችው። በማግሥቱ ረፋድ ይዘዋት መጡ። ያን ቀን ስክሪኑ ፊት አልተቀመጥሁም፤ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«ሐቦባ፣ ነይ» አልኋት፤ እዚህ አገር አያትን እንዲህ ብለን ነው የምንጠራው። እጇን ተቀብዬ አየሁት። ዕድሜ ልኳን በወንዝ አሸዋ ወርቅ አጥባለች። የጣቶቿ ጫፍ እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ነው። መስመር የሚባል የለም።

ወጣቱ ፖሊስ ከፊቴ ቆመ። «እሜቴ፣ ሲስተሙ አልተቀበላትም እኮ። ያለ ምዝገባ ብትገባ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«እኔ አስገባኋት በል።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ስሜን ጻፍ! በትልቁ ጻፈው!»

ገባች። ልጇ ስታያት አልተነሣችም፤ መነሣት አልቻለችም። አሮጊቷ ሳህኑን አስቀምጣ ሄዳ የልጇን ራስ በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ በጥፊ መታቻት፤ ከዚያ አቀፈቻት። ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ። ካቦዋ ቁጣዋን ትታ ቀሚሷን በጥርሷ ነክሳ ታለቅሳለች። ሐቦባ ከሳህኑ የማሽላ ገንፎ አውጥታ ልጇን እንደ ሕፃን በእጇ አጎረሰቻት። ሦስት ጊዜ የተመለሰችበት ሳህን ነው፤ በየጊዜው አዲስ እየሠራች።

ሕፃኗ አልሞተችም። ወተቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ክሱም ብዙ አልሄደም፤ ከሳሹ ሁለት ቀጠሮ ሳይቀርብ ቀርቶ ፍርድ ቤቱ ወጣቷን አሰናበታት። ሲወጡ በሩ ላይ አላየኋቸውም፤ ያኔ እኔ ራሴ ተቀጥቼ ነበር።

ኮማንደሩ ቢሮ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠየቁኝ። የሥራ ቦታ ለቅቆ መሄድ፣ ያልተመዘገበ ጠያቂ ማስገባት፣ የተሰናበተ ሠራተኛ በመኪና መግቢያ ማስገባት። ሁሉም እውነት ነው፤ አልካድሁም።

«ሲስተሙ እኮ ምንም ጥፋት የለበትም» አለ ኮማንደሩ። «ይኸው፣ የእነዚያ ቀናት መዝገብ፦ ችግር የለም። ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እሱ ነው ጥፋቱ! ሕፃን እየሞተች ችግር የለም የሚል መዝገብ! እኔን አባሩኝ፤ ግን ያን ወረቀት ማስረጃ ነው አትበሉኝ!»

ከሦስቱ አንዱ ድምፄን እንድቀንስ ነገረኝ። አልቀነስሁም። ደመወዜ አልተነካም፤ ከካሜራ ክፍል አውጥተው ከወጥ ቤቱ ጀርባ የማገዶ ክምር ጠባቂ አደረጉኝ።

ባለሙያው ሥራውን ሊገመግም በነሐሴ ተመልሶ መጣ። እዚያው አዳራሽ። «በሦስት ወር ውስጥ አንድም ያመለጠ ታራሚ የለም፤ አንድም ችግር አልተመዘገበም» እያለ ሲያነብ ተነሣሁ። እጄን አውጥቼ ተራ አልጠበቅሁም። ስለ አሮጊቷ ጣቶች ነገርሁት። ወርቅ አጣቢውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀርከሃ ሰንጣቂውን ቆጠርሁለት፤ በዚህ አገር ጣቱ ያላለቀ ማን ነው? አልሁት። እናቷ በሕይወት እያለች የሙት ልጅ የሆነችውን ነገርሁት። ሰውየው አዳመጠኝ፤ በእርግጥ አዳመጠኝ፤ ማስታወሻ ያዘ። ከዚያ በዚያው ለስላሳ ድምፅ «በጣም ጠቃሚ አስተያየት ነው። በሚቀጥለው ሥሪት የፊት መለያ እንጨምርበታለን» አለኝ።

አጨበጨቡለት! እግዜር ያሳያችሁ፣ አጨበጨቡለት።

አንድ ነገር ተገኘ፤ አልክድም። አሻራው የማይነበብ ጠያቂ በመታወቂያ ወይም በቀበሌ ደብዳቤ እንዲገባ የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጠፈ። በአማርኛ ነው የተጻፈው። የጋሼ መደብ ግን እንደታጠፈ ቀረ። እንዲመልሷቸው ማመልከቻ ጻፍሁ፤ የፈረመልኝ ሰው ብዙ ነበር፤ መልሱ «መዋቅሩ አይፈቅድም» የሚል ነው።

መልሱን ይዤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እርሻቸው ሄድሁ። ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የማሽላ አረም ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። ደብዳቤውን አነበብሁላቸው።

«ካልፈቀደ አልፈቀደ ነው» አሉ፤ አረማቸውን ቀጠሉ።

«ጋሼ፣ አይናደዱም እንዴ? ሠላሳ ዓመት!»

«እኔ ተናድጄ ማሽላ ማን ያርማል?»

ይህ ይበልጥ አናደደኝ። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁና አጠገባቸው ማረም ጀመርሁ። በሁለት እጄ እነቅላለሁ፤ አወራለሁ። ስለ ኮማንደሩ፣ ስለ ጭብጨባው፣ ስለ ወንበሬ፣ ስለዚያ ፊርማዬ። ነጠላዬ ጭቃ ነክቷል፤ ምን ገዶኝ። ወደ ኋላ የምጥለው ክምር ሆኗል። ትንሽ ቆይቶ የእሳቸው እጅ እጄን ሲይዘው ተሰማኝ። ከነሥሩ የተነቀለ፣ ለምለም፣ ጉልበት የደረሰ የማሽላ አገዳ ጨብጫለሁ።

«እህቴ፣ ማሽላውን ተው» አሉኝ። «እሱ ምን አደረገህ?»